አሠልጣኙ ለተጠየቀው ደመወዝ ይመጥናል? የክለብ ቦርድና ደጋፊ የሚመዝኑበት መንገድ

የውድድር ዘመኑ ተጠናቆ ክረምቱ ሲገባ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ የሚነሣው የእግር ኳስ ክርክር በአብዛኛው አንድ ነው፤ ለሚመጣው ዓመት ማን ያሠልጥን፣ ስንትስ ይከፈለው የሚለው ነው። ክርክሩ ብዙ ጊዜ በስሜት ይካሄዳል፤ ቡድኑ ካሸነፈ አሠልጣኙ የጠየቀው ሁሉ ይገባዋል ይባላል፣ ከተሸነፈ ደግሞ የተከፈለው ብር ሁሉ እንደ ባከነ ይቆጠራል። ሁለቱም ፍርዶች መለኪያ የላቸውም። የከተማ ክለቦቻችን በዋናነት የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደር በሚመደብ በጀት በመሆኑ፣ ለአሠልጣኝ የሚከፈለው ገንዘብ የነጋዴውም፣ የመምህሩም፣ የባጃጅ ሾፌሩም ገንዘብ ነው። ይህ ጽሑፍ የክለብ ቦርድ አባላት፣ የደጋፊ ማኅበር አመራሮችና ስለ ከተማቸው ክለብ የሚቆረቆሩ ነዋሪዎች አንድ አሠልጣኝ ለሚጠይቀው ደመወዝ ይመጥን እንደሆነ የሚመረምሩበትን መንገድ ያሳያል።

ጥያቄው ጎልቶ የሚታየው በአሜሪካ ኮሌጆች ስለሆነ ምሳሌዎቹን ከዚያ እንወስዳለን። እዚያ ፉትቦል የሚባለው ከእኛ እግር ኳስ የተለየ፣ ኳሷን በእጅ ይዞ በመሮጥና በመወርወር የሚካሄድ ስፖርት ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲዎች በስማቸው የሚጫወቱ የተማሪ ቡድኖች አሏቸው። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ከመንግሥት ተቀጣሪዎች ሁሉ ከፍተኛውን ደመወዝ የሚያገኘው የግዛቱ ገዥ ወይም የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሳይሆን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ወይም የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ነው። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲው ከርቢ ስማርት እ.ኤ.አ. በ2024 በታደሰው ውሉ በዓመት 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይከፈለዋል። ክፍያው እዚህ ከደረሰባቸው ምክንያቶች አንዱ የቴሌቪዥን ገንዘብ ነው፤ ቢግ ቴን የሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የ7 ዓመት የስርጭት ውል ተፈራርሟል። ሌላው ምክንያት፣ ለእኛም የበለጠ ትምህርት የሚሆነው፣ ለተጫዋቾቹ ደመወዝ መክፈል በኮሌጅ ስፖርት ሕግ ለረጅም ዘመን የተከለከለ መሆኑ ነው። ለተጫዋች ሊከፈል ያልቻለው ገንዘብ ተጫዋች መልምሎ ወደሚያመጣው ሰው፣ ማለትም ወደ አሠልጣኙ ሄደ። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ተማሪዎቹ በስማቸውና በምስላቸው ገቢ እንዲያገኙ ተፈቀደላቸው፤ በ2025 ደግሞ በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት አንድ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ለስፖርተኞቹ በቀጥታ መክፈል እንዲችል በሩ ተከፈተ።

በአገራችን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አብዛኛውን በጀት የሚወስደው የተጫዋቾች ደመወዝና የፊርማ ክፍያ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ እስከ መወሰን የተደረሰውም ወጪው ክለቦችን ስላስጨነቀ ነው። ስለዚህ የአሜሪካኖቹን የክፍያ መጠን ወደ ወሎ ማምጣት ትርጉም የለውም። ሊጠቅመን የሚችለው እነዚያ ዩኒቨርሲቲዎች በብዙ ሚሊዮን ዶላር ኪሣራ የተማሩት የምዘና ዘዴ ነው።

ምዘናው የሚጀምረው አሠልጣኙ በእርግጥ ስንት እንደሚያስወጣ በማስላት ነው። በድርድር ላይ የሚነገረው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የተጣራው፣ ማለትም አሠልጣኙ እጅ የሚገባው ነው፤ ግብሩን ክለቡ ይሸከመዋል። ለምሳሌ አንዱ አሠልጣኝ በወር የተጣራ 100,000 ብር፣ ሌላው 50,000 ብር ጠየቁ እንበል። አሁን በሚሠራበት የገቢ ግብር ምጣኔ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ወርሃዊ ደመወዝ ላይ 35 በመቶ ስለሚከፈል፣ የጡረታ መዋጮን ለጊዜው ወደ ጎን ብንተወው እንኳ፣ የመጀመሪያው አሠልጣኝ ክለቡን በወር 150,700 ብር ገደማ፣ ሁለተኛው 73,800 ብር ገደማ ያስወጣሉ። በወሬ የ50,000 ብር ልዩነት የነበረው በክለቡ ሒሳብ ላይ ወደ 77,000 ብር ይጠጋል፤ በዓመት ሲታሰብ ከ920,000 ብር ያልፋል። በዚህ ላይ የፊርማ ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ የማበረታቻ ክፍያ፣ እንዲሁም አሠልጣኙ ይዟቸው የሚመጣው ረዳትና የግብ ጠባቂዎች አሠልጣኝ ደመወዝ ይጨመራል። ቦርዱ ይህን ጠቅላላ ድምር በአንድ ገጽ ላይ ጽፎ ሳያይ በደመወዙ ላይ ድምፅ መስጠት የለበትም፤ ደጋፊውም ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ድምር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣውና ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ሥራ ከቡድኑ ውጤት ውስጥ የአሠልጣኙን ድርሻ መለየት ነው። የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 በኤድ ኦርጀሮን መሪነት 15 ጨዋታዎችን ያለ ሽንፈት አሸንፎ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ፤ አሠልጣኙም ትልቅ ውል ፈረመ። ኳስ አቀባዩ ጆ ባሮውና ሌሎች ብርቱ ተጫዋቾች ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ ሲሄዱ ግን ያው ቡድን በቀጣዩ ዓመት 5 አሸንፎ 5 ተሸነፈ፤ በ2021 ዩኒቨርሲቲው 17 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማምቶ ከአሠልጣኙ ጋር ተለያየ። ለተጫዋቾቹ ብርታት ሊሰጥ የሚገባው ዋጋ ለአሠልጣኙ ተሰጥቶ ነበር ማለት ነው። በሌላ በኩል የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2023 3 አሸንፎ 9 ተሸንፎ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ኩርት ሲግኔቲ መጥቶ 11 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸነፈ። ይህን የመሰለ ለውጥ አሠልጣኝ ለውጥ እንደሚያመጣ ያሳያል፤ ሆኖም ሲግኔቲ ከቀድሞ ዩኒቨርሲቲው ብዙ ጠንካራ ተጫዋቾችን አስከትሎ እንደመጣ ካልታሰበ ፍርዱ ጎደሎ ይሆናል።

ለዚህ ሥራ አንድ ተራ ደብተር ይበቃል። በአንድ ገጽ ላይ እጩው አሠልጣኝ ያሠለጠናቸውን የመጨረሻ ሦስት ወይም አራት ክለቦች ወደ ታች ይዘርዝሩ፤ በየክለቡ ትይዩ ቡድኑን ሲረከብ በሠንጠረዡ ስንተኛ እንደነበረ፣ ሲለቅ ስንተኛ እንደነበረ፣ የክለቡ በጀት ከሊጉ ክለቦች ጋር ሲነጻጸር ከላይ፣ ከመካከል ወይም ከታች መሆኑን፣ ስንት ዋና ተጫዋቾች እንደገቡለትና እንደወጡበት፣ በመጨረሻም የጎል ክፍያውን ይጻፉ። የጎል ክፍያው የሚጻፈው በምክንያት ነው፤ ብዙ ጨዋታዎችን 1 ለ 0 እያሸነፈ ከላይ የተቀመጠ ቡድን በቀጣዩ ዓመት ያንኑ ዕድል ላያገኝ ይችላል፤ በሰፊ የጎል ልዩነት ያሸነፈ ቡድን ግን ጥንካሬው የበለጠ እውነተኛ ነው። በበጀት ከላይ ሆኖ በደረጃም ከላይ የጨረሰ አሠልጣኝ የሚጠበቅበትን ሠራ እንጂ የተለየ ነገር አላሳየም። በበጀት ከታች ሆኖ ከመካከል የጨረሰው፣ ያንንም በሁለት የተለያዩ ክለቦች የደገመው፣ ዋንጫ ባይኖረውም የተሻለ ደመወዝ ሊጠይቅ የሚችል ሰው ነው። እንዲህ ዓይነቱ አሠልጣኝ በጋዜጣ ስሙ ስለማይነሣ በርካሽ ሊገኝም ይችላል፤ የወሎ ክለቦች ቀዳሚ ፍለጋ በዚህ ዓይነቱ ሰው ላይ ቢያተኩር እመርጣለሁ።

ደብተሩ ሲሞላ የጊዜውን ሁኔታ መርሳት ግፍ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ወልድያ፣ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ ወድቀው ነዋሪው ሲሰደድ፣ ክለቦቹም ተጫዋቾቻቸው ሲበተኑ የነበረበትን ዘመን በነጥብ ሠንጠረዥ መለካት አይቻልም፤ በዚያ ዘመን ቡድን እንዳይፈርስ የደከመ አሠልጣኝ ሥራው በሌላ መለኪያ ሊታይለት ይገባል። እንዲሁም ወልድያ ከነማ በ2007 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ ወረደ፣ ለ2009 ተመልሶ ገባ፣ በዚያው ዓመት ጥር ወር ትልቁ የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም ተመረቀ፤ ይሁን እንጂ በ2010 ማብቂያ ክለቡ እንደገና ወረደ። ጥሩ ሜዳ መኖሩ ብቻውን ቡድንን በሊጉ አላቆየም፤ አሠልጣኝም ብቻውን እንደማያቆይ ከዚሁ መገመት ይቻላል። የመሬቱ አቀማመጥም ይታሰብ፤ ደሴና ኮምቦልቻ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ ባይራራቁም በከፍታ 600 ሜትር ያህል ይለያያሉ፤ በደሴ ብርድ የተዘጋጀን ቡድን ሞቃት ሜዳ ላይ ለ90 ደቂቃ የሚያቆም የአካል ብቃት ዝግጅት ማቀድ የአሠልጣኙ እውነተኛ ችሎታ ከሚፈተንባቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ንጽጽሩ ከማን ጋር ይሁን የሚለው ነው። የአንድ አሠልጣኝ ዋጋ የሚለካው እርሱ ባይመጣ ኖሮ ሊመጣ ከሚችለው ቀጣይ ሰው ጋር ባለው ልዩነት ነው። በከተማው ውስጥ ታዳጊዎችን ሲያሠለጥን የኖረ፣ ተፈላጊውን የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) የአሠልጣኝነት ላይሰንስ የያዘ፣ በ50,000 ብር የሚሠራ ሰው ካለ፣ የ100,000 ብሩ አሠልጣኝ ማሳየት ያለበት ጥሩ መሆኑን ብቻ አይደለም፤ ከዚህ ሰው በዓመት በ920,000 ብር የሚበልጥ መሆኑን ነው። ያ ገንዘብ ለሌላ ነገር ቢውል ምን ያስገኛል ተብሎም ይጠየቅ፤ ለታዳጊ ቡድን አሠልጣኝ፣ ለሠለጠነ ወጌሻ፣ ለተጫዋቾች ምግብና ለጉዞ ይውላል፣ ወይም አንድ ጥሩ አጥቂ ያስፈርማል። ቦርዱ ሁልጊዜ ቢያንስ ሦስት እጩዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ይወስን። አንድ እጩ ብቻ ከቀረበ ተደራዳሪው እርሱ ነው፤ ክለቡ የመደራደር አቅሙን አስቀድሞ አጥቷል።

አሠልጣኝ ከሜዳ ውጭ የሚያመጣው ጥቅም አለ የሚለው ክርክርም ተገቢ ቦታ ይሰጠው። የአላባማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ኒክ ሳባንን በ8 ዓመት 32 ሚሊዮን ዶላር ሲቀጥር ብዙዎች ተቃውመው ነበር፤ እርሱ ግን በ2024 መጀመሪያ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ 6 የአገር ሻምፒዮናዎችን አስገኘ፣ ከ25 ሺህ ጥቂት ይበልጥ የነበረው የተማሪዎች ቁጥርም በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 38 ሺህ አደገ። ዩኒቨርሲቲው በዚያው ጊዜ ከሌሎች ግዛቶች ተማሪ ለመሳብ የራሱ ሰፊ ዕቅድ ስለነበረው ዕድገቱን ሁሉ ለአንድ ሰው መስጠት ትክክል አይሆንም፤ ነገር ግን ድርሻ እንደነበረው መካድ ያስቸግራል። በእኛ ሁኔታ ሊቆጠር የሚችለው የሜዳ ውጭ ጥቅም ታዳጊ ነው። እጩው ባለፉት ክለቦቹ ስንት ወጣቶችን ከታዳጊ ቡድን ወደ ዋናው ቡድን እንዳሳደገ፣ ከእነርሱም ስንቱ ወደ ትልልቅ ክለቦች እንደተዛወሩ በስም ተዘርዝሮ ይቅረብ። ወሎ ውስጥ በየሰፈሩ፣ በየትምህርት ቤቱ ሜዳ ኳስ የሚጫወት ልጅ ሞልቶ ሳለ በየዓመቱ ቡድኑን ሙሉ በሙሉ ከውጭ የሚያስፈርም አሠልጣኝ ውድ አሠልጣኝ ነው፤ ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም።

ውል ከመፈረሙ በፊት፣ የሚቻል ከሆነ፣ እጩው በአሁኑ ክለቡ የሚሰጠውን ልምምድ ሄዶ ማየት ከብዙ ምስክርነት ይበልጣል። መታየት የሚገባው ጩኸቱ ወይም ቁጣው አይደለም። የዕለቱን ዕቅድ በወረቀት ይዞ ይመጣል? ልምምዱ በሰዓቱ ይጀመራል? በመጨረሻው ጨዋታ ከማዕዘን ምት ጎል ተቆጥሮበት ከሆነ በዚያ ሳምንት የማዕዘን ምት መከላከልን ያሠራል? ከቋሚ 11 ውጭ የሆኑት ተጫዋቾች ኳስ ሲያቀብሉ ይውላሉ ወይስ እነርሱም የተዘጋጀላቸው ሥራ አለ? ተጠባባቂዎቹን በቅርበት የሚያሠራ አሠልጣኝ በሁለተኛው ዙር ጉዳትና ቅጣት ሲበዛ ቡድኑ አይወድቅበትም፤ ይህን ለማየት አንድ የልምምድ ጧት በቂ ነው።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ጉዳይ እናንሣ፤ እርሱም የመለያያው አንቀጽ ነው። የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ጂምቦ ፊሸርን በ10 ዓመት 75 ሚሊዮን ዶላር ቀጠረው፤ በ2021 አንድ ጥሩ የውድድር ዓመት ካሳለፈ በኋላ ውሉን ጊዜው ሳይደርስ አራዘመለት፣ ክፍያውንም ጨመረለት፤ ያውም ቢሰናበት ቀሪው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ እንዲከፈለው ተስማምቶ ነው። በኅዳር 2023 ሲያሰናብተው 45 አሸንፎ 25 ተሸንፎ ነበር፤ ይህ መጥፎ የሚባል ውጤት አይደለም፣ ለተከፈለው ገንዘብ ግን የሚመጥን አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው ላለማሠልጠኑ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተገደደ። ስሕተቱ የተፈጸመው በ2023 አይደለም፤ የራቀውን ዓመት ክፍያ ያለ ቅድመ ሁኔታ ዋስትና በሰጡበት፣ ማንም ሌላ ክለብ ሳይሻማቸው ባራዘሙበት በ2021 ነው።

በእኛ ክለቦች ብሩ ቢያንስም የአወዳደቁ መንገድ ያው ነው። ሦስት ጨዋታ ሲሸነፍ አሠልጣኙ በቃል ይሰናበታል፤ ያልተከፈለው የወራት ደመወዝ ይከማቻል፤ ጉዳዩ ወደ ፌዴሬሽን ይሄዳል፤ በመጨረሻም ክለቡ ለተሰናበተውም ለአዲሱም ይከፍላል፣ ሳይከፍል ከቆየም ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ሊታገድ ይችላል። አሠልጣኙ የውጭ ዜጋ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል፤ ፊፋ እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ጀምሮ የአሠልጣኞችን ውል የሚመለከት ደንብ ሥራ ላይ ያዋለ ሲሆን፣ በዚያ ደንብ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው አሠልጣኝ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በበቂ ምክንያት ውሉን ሊያቋርጥና ካሳ ሊጠይቅ ይችላል።

ስለዚህ ውሉ ሲረቀቅ ቦርዱ የሚከተለውን ያስገባ። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አይለፍ፤ ማራዘሚያውም የሚታሰበው ውሉ ሊያልቅ ሲቃረብ እንጂ በአንድ የድል ሳምንት ሙቀት አይሁን። ክለቡ ያለ አሠልጣኙ ጥፋት ቢያሰናብተው የሚከፍለው ካሳ በወራት ደመወዝ ተለክቶ፣ ለምሳሌ የሦስት ወር ተብሎ፣ በግልጽ ይጻፍ፤ አሠልጣኙ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ክለብ ከተቀጠረ ቀሪው ክፍያ እንዲቀንስ ይስማሙ። አሠልጣኙም ውሉን አቋርጦ ቢሄድ ተመጣጣኝ ካሳ ይክፈል፤ ግዴታው በአንድ ወገን ብቻ መጣሉ ፍትሐዊ አይደለም። ከጠቅላላው ክፍያ የተወሰነው በቋሚ ደመወዝ፣ የቀረው በውጤት የሚከፈል ማበረታቻ ይሁን፤ ማበረታቻው በአንዲት ጨዋታ ማሸነፍ ሳይሆን በዓመቱ መጨረሻ ደረጃና ወደ ዋናው ቡድን ባደጉ ታዳጊዎች ቁጥር ይታሰር። ይህን ሁሉ ውል የማዘጋጀት ልምድ ያለው የሕግ ባለሙያ ሳያየው አይፈረም፤ የባለሙያው ክፍያ ከአንድ ወር ካሳ እንኳ ያንሳል።

የመጨረሻው ጉዳይ አሠልጣኙ የሚገመገምበት ጊዜ ነው። በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ቡድኖች ላይ የተደረገና ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው አንድ ጥናት፣ በጣም ደካማ የሆኑ ቡድኖች አሠልጣኝ ቢቀይሩም ካልቀየሩት መሰሎቻቸው የተሻለ ውጤት እንዳላገኙ፣ መካከለኛ የሆኑት ደግሞ ቀይረው በተከታዮቹ ዓመታት እንዲያውም ዝቅ እንዳሉ አሳይቷል። አሠልጣኝ ከተባረረ በኋላ የሚታየው መሻሻል ብዙውን ጊዜ ቡድኑ ከመጥፎ ዕድል ወደ ተለመደው ደረጃው መመለሱ ነው፤ ባይባረርም ሊመጣ ይችል ነበር። በመሆኑም ግምገማው በደጋፊው የቁጣ ቀን አይካሄድ። የመጀመሪያው ዙር ሲጠናቀቅ አንድ ጊዜ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ሁለተኛ ጊዜ፣ አሠልጣኙ ራሱ በተገኘበት፣ በቅጥሩ ጊዜ በተሞላው ደብተር ላይ ተመሥርቶ ይካሄድ፤ የተጠበቀው ደረጃ፣ የተገኘው ደረጃ፣ የተጎዱት ተጫዋቾች፣ በወቅቱ ያልተከፈለ ደመወዝ ካለ እርሱም ጭምር በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ደመወዙ በሰዓቱ ያልተከፈለው ቡድን ሲሸነፍ ተጠያቂው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ይህ ከተጻፈ ብቻ ነው። ከቃለ ጉባኤው አንድ ቅጂ ለደጋፊ ማኅበሩ ይሰጥ፤ ለአሠልጣኙና ለረዳቶቹ በዓመቱ የወጣው ጠቅላላ ወጪም ግብሩ ተጨምሮበት በከተማው ምክር ቤት የበጀት ውይይት ላይ ራሱን ችሎ በአንድ መስመር ይቅረብ።